መድኃኔዓለም በጊቤ በረሃ ያደረገልኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ሰላም እህት ወንድሞቼ። እኔ መጻፍ ብዙም አይሆንልኝም ግን ስለት አለብኝ፣ ስለቴ ደግሞ ዕጣንና ጧፍ ብቻ አልነበረም በአፌም በጽሑፍም እመሰክራለሁ ብዬ ነበር። የአፉን ጥቅምት 27 እዚሁ ጅማ መድኃኔዓለም ቆሜ ተወጥቻለሁ፣ የጽሑፉ ግን ዛሬ ነገ ስል ይኸው ቆየ። ረዘም ይላል፣ ቡና እያፈላችሁ አንብቡት።

ነገሩ መንጋጋዬ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የታችኛው መንጋጋዬ ከላይኛው ቀድሞ ወጥቶ ነበር፣ አፌን ስገጥም የታች ጥርሶቼ ከላዮቹ ፊት ነው የሚቆሙት። ሰው የሚያየው መልኩን ነው፣ መልኩ አላስጨነቀኝም ብል ውሸት ነው፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ጣል ሳላደርግ ሰው ፊት ስቄ አላውቅም። ግን ከመልኩ የባሰው ሌላ ነበር። የሚነካኩት ከኋላ ያሉ ጥቂት ጥርሶች ብቻ ስለሆኑ በፊት ጥርሴ ምንም መቁረጥ አልችልም፣ ሰው በቆሎ እሸት ሲግጥ እኔ በጣቴ እየፈለፈልኩ ነው፣ እነዛ ስራ የበዛባቸው ጥርሶች ደግሞ እየተፋቁ አጠሩ፣ ማታ ማታ ጆሮዬ ስር ያለው መጋጠሚያ ይጠዘጥዘኛል፣ ራስ ምታቱ ሌላ።

አጥንቱ አድጎ ሳይጨርስ አይነካም ስለተባልኩ ጠበቅኩ። ከዛ ብሬስ (ጥርስ የሚያስተካክለው ሽቦ) ከአመት በላይ። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት የሚታሰረው ብሬስ እያንዳንዱን ጥርስ የራሱ አጥንት ላይ ቀጥ አድርጎ ነው የሚያቆመው፣ ስለዚ መንጋጋው እስኪስተካከል ድረስ ግጥሚያው የባሰ ነው የሚሆነው። እኔም ብሬስ አስሬ ጭራሽ አስቀያሚ ሆንኩ ብዬ ስንቴ እንዳለቀስኩ።

ኦፕራሲዮን ነው ሲባል ቤተሰብ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ አጎቴ "እግዜር የሰራውን ፊት ልታስቆርጥ? ለውበት ብላ?" አለ፣ ጠበል ቦታ ያገኘኋት አንዲት እናትም "ልጄ ቢላ ከገባ ጠበሉ አይሰራም" አለችኝና እሷ ከሁሉም በላይ ፈተነችኝ፣ ምክንያቱም እኔ ጠበሉን አምናለሁ እኮ። የነፍስ አባቴ ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። ብዙ አላወሩም፣ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብቢ አሉኝ፣ እዛ ላይ ሐኪሙን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እሱ ነው ይላል። "ጠበሉንም ጠጪ፣ ሐኪሙ ጋም ሂጂ፣ ሁለቱም የአንድ ጌታ ናቸው" አሉኝ። አሁንም እዚህ ጋ የምለው አለኝ፣ መድኃኒታችሁን ጣሉ፣ ሐኪም ቤት አትሂዱ እያላችሁ የታመመ ሰው የምታስፈራሩ እባካችሁ ተዉ።

ኦፕራሲዮኑ አዲስ አበባ ነበር፣ የካቲት 2017። ዶክተሩ በወረቀት ስሎ አስረዳኝ። የላይኛውን መንጋጋ ከጥርሶቹ ስር ከፍ ብለው አጥንቱን ያላቅቁና ወደፊት ያመጡታል፣ የታችኛውን በግራና በቀኝ ከኋላ በኩል ሰንጥቀው ወደኋላ ይወስዱታል፣ ከዛ በትናንሽ የቲታኒየም ብረትና ብሎን ያስሩታል። ሁሉም በአፍ ውስጥ ነው የሚሰራው። እስከዚህ ደህና ነኝ። ቀጥሎ ግን የታችኛው አጥንት ውስጥ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ ያልፋል፣ እሱ ይነካል፣ ይደነዝዛል፣ ብዙ ሰው ላይ በወራት ውስጥ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ላይ ግን የተወሰነ ቦታ እንደደነዘዘ ይቀራል ብሎ ፈርሚ አለኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ፈረምኩ። ማታ አልጋ ላይ ዳዊት ገልጬ መዝሙር 50 ላይ "አቤቱ ከንፈሮቼን ክፈት" የሚለው ጋ ስደርስ ማለፍ አቃተኝ። ስለቱን የተሳልኩት ያን ማታ ነው፣ መድኃኔዓለም ሆይ ከዚህ በሰላም ካወጣኸኝና ከንፈሬን ከመለስክልኝ ቤትህ ቆሜ ሰው ፊት አወራለሁ አልኩ። እኔ ነኝ ሰው ፊት የማወራው፣ አስቡት።

ከሰመመን ስነቃ የላይና የታች ጥርሴ በላስቲክ ተጠፍሮ ነበር፣ አፍንጫዬ በደም ተደፍኗል፣ መናፈጥ ክልክል ነው። ጭንቅላቴን ከፍ አድርገው አስተኝተውኛል። እብጠቱ የሚብሰው በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ነው ብለውን ነበር፣ እውነት ነው፣ አይኔ ሊጠፋ ምንም አልቀረው፣ እማዬ ጠዋት ገብታ ስታየኝ "ልጄን የት አደረጋችኋት" አለች። መስታወት አልሰጡኝም፣ በስልኬ ካሜራ አየሁት እንጂ (አትዩ!)።

አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ ከአጋሮ የመጣ ትንሽ ልጅ ነበር። ከዛፍ ወድቆ አገጩን ተመትቶ ከዛ በኋላ የመንጋጋው መጋጠሚያ ቀስ በቀስ ከራስ ቅሉ አጥንት ጋር ተጣብቆ አፉ አልከፈት ያለ ልጅ ነው፣ ለዓመታት በጥርሱ ክፍተት የላመ የላመ ነገር ብቻ እየገባለት ነው ያደገው። የተጣበቀውን አጥንት ቆርጠው አውጥተውለት ነበር። እናቱና እማዬ በኦሮምኛ ሌሊቱን ሙሉ ያወራሉ፣ እሷ በስግደቷ እማዬ በውዳሴ ማርያሟ፣ እኔና ልጁ ማውራት ስለማንችል በአይን እንተያያለን። እኔ ያልተከፈተልኝ ለሳምንታት ነው፣ እሱ ለዓመታት። ከዛ በኋላ ስለራሴ ማማረር አፈርኩ።

ስንወጣ ሲስተር ለእማዬ ትንሽ መቀስ ሰጠቻት። ካስመለሳት ላስቲኮቹን እዚህና እዚህ ጋ ቁረጪ አለቻት። ለእኔም ነገረችኝ፣ ወደ ፊት ጎንበስ በይ፣ የምትወስጂው ፈሳሽ ብቻ ስለሆነ በጥርስሽ መሃል ይወጣል፣ የሚያንቀው ድንጋጤው ነው አለችኝ። እማዬ መቀሱን በክር አስራ አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር አንጠለጠለችው፣ ስትተኛም አታወልቀውም።

አሁን ወደ ዋናው መጣሁ። ከአዲስ አበባ ጅማ ወደ 350 ኪሎሜትር ነው። ወንድሜ መኪና ተውሶ እሱ ራሱ ነዳ፣ የቅበላ ሰሞን ስለነበር ወልቂጤ ላይ ክትፎ ካልበላን አሉ። መብታቸው ነው፣ ሁዳዴ ሊገባ ነው። እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ በስሪንጅ ወተት እየሳብኩ የቅቤው ሽታ በመስኮት ይገባል። ከዛ ጊቤ ቁልቁለቱን ጀመርን። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ዝቅ በተባለ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፣ መታጠፊያው አያልቅም፣ ከፊት አይሱዙ ከኋላ የጭነት መኪና። ወተቱ ሆዴ ውስጥ መገላበጥ ጀመረ፣ ምራቄ በዛ፣ የእማዬን ክንድ ጨመደድኩ። አየችኝና ገባት። "ቁም! ቁም አቁመው!" ወንድሜ የት ያቁም፣ በአንድ በኩል ገደል በሌላው ግድግዳ፣ መታጠፊያው መሃል ላይ ነን።

አፌ ታስሯል፣ አፍንጫዬ ግማሹ ተደፍኗል፣ ከታች እየመጣ ነው። ያን ጊዜ የተሰማኝን ፍርሃት እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። በአፌ እንኳን "ኢየሱስ" ማለት አልችልም እኮ። በልቤ ብቻ "መድኃኔዓለም አፌ ታስሯል አንተ ስማኝ" አልኩ። ይሄንን ነው የምለው በቃ። ብርሃን አላየሁም ድምፅም አልሰማሁም። ግን ያ ድንጋጤ ከላዬ ላይ ወረደ፣ በአንድ ጊዜ፣ እጄ ተለቀቀ፣ ትከሻዬ ወረደ፣ የሲስተር ንግግር እንዳለ ቃል በቃል መጣልኝ። ጎንበስ አልኩ። ወንድሜ የሆነች ሰፋ ያለች ቦታ አግኝቶ ጥግ ያዘ፣ እማዬ መቀሱን ከአንገቷ ሳታወልቅ አገጬን ይዛ ልትቆርጥ ስትል በእጄ ቆይ አልኳት። ወተቱ በጥርሴ መሃልና በጉንጬ በኩል ወጣ፣ ተንፍስ አልኩ፣ እንደገና ወጣ፣ ተንፍስ አልኩ፣ አለቀ። አላነቀኝም። ላስቲኩም አልተቆረጠ፣ አጥንቱም አልተነካ። ከኋላ የቆመው የጭነት መኪና ረዳት ሃይላንድ ይዞ እየሮጠ መጣ፣ "አይዞሽ እህቴ" እያለ ፊቴን አጠበልኝ። እማዬ መሬት ላይ ተንበርክካ እያለቀሰች ነው፣ አስፋልቱ ላይ፣ በዛ ሙቀት።

እኔ ፈሪ ነኝ፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ራሴን ስቼ የማውቅ ሰው ነኝ። ያ እርጋታ ከእኔ አይመጣም። የምመሰክረው ይሄንን ነው።

ጅማ ከገባን በኋላ ያለው ብዙ ነው ግን ባጭሩ ልበለው። አጥንቱ እስኪይዝ 6 ሳምንት ገደማ ማኘክ የለም፣ ፕሮቲን ውሰጂ አሉኝ፣ ሁዳዴ ደግሞ ገባ። ወተት አልጠጣም ብዬ ድርቅ አልኩ፣ በሶ በማር፣ ተልባ፣ ለውዝ ተፈጭቶ፣ የአቮካዶ ጁስ በወንፊት፣ ግን ቀሚሶቼ ሁሉ ሰፉ፣ ስነሳ ያዞረኛል። የነፍስ አባቴ ቤት ድረስ መጥተው አዩኝና "ወተት ጠጪ፣ ይሄ ትእዛዝ ነው" አሉኝ። ጠጣሁ፣ የመጀመሪያው ቀን በእንባ ነበር።

በዛ ዓመት ረመዳንም የካቲት 22 ነው የገባው፣ ሁለቱ ጾም አንድ ላይ ማለት ነው። የሙስሊም ጎረቤታችን፣ እኛ እማ ነው የምንላት፣ ለማፍጠሪያ የሚሰራውን ሾርባ ማታ ማታ በሳህን ክዳን ሸፍና ልጇን ትልካለች። "ስጋ የለበትም በይ፣ ለሷ ለብቻ በአጃ ነው የሰራሁት፣ ድስቱም ሌላ ነው" ብላ ነው የምትልክልኝ። ማንም አልነገራትም፣ ራሷ ነው ያሰበችው። ቀኑን ሙሉ ጾማ ውላ፣ ውሃ እንኳን ሳትቀምስ፣ ለእኔ ለብቻ ድስት ትጥዳለች። ጌታ ብድሯን ይክፈላት፣ ሌላ የምለው የለኝም።

ለፋሲካ ላስቲኩ ላልቶልኝ ስለነበር የዶሮ ወጥ ቁሌቱን እንጀራ ውስጥ በደንብ አርሼ በምላሴ አድቅቄ ዋጥኩ። አለቀስኩ ብል አትስቁ።

ከንፈሬ ግን ደንዝዞ ነበር። ሾርባው በአገጬ ይወርዳል እኔ አላውቅም፣ እማዬ በምልክት "አገጭሽን" ትለኛለች። ወሩ እየሄደ ሲመጣ እንደደነዘዘ ይቀራል ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ከዛ ክረምቱ ሲገባ የሆነ ነገር ከንፈሬ ስር ጉንዳን እንደሚሄድበት መውረር ጀመረ፣ ዶክተሩን በስልክ ስጠይቀው ነርቩ እየነቃ ነው ጥሩ ምልክት ነው አለኝ። አንድ ቀን ታዲያ ቡና ተፈልቶ ስኒውን ሳላስበው አፌ ላይ ሳደርግ አቃጠለኝ። "አቃጠለኝ!" ብዬ ጮህኩ። እማዬ ጀበናውን አስቀምጣ እልል ብላ ወጣች፣ ጎረቤት ልጅ ተወለደ ወይ ብሎ መጣ። ሰው ከንፈሩ ተቃጥሎ እልል የተባለለት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ምስክርነት ስለሆነ ሙሉውን ልናገር። ከአገጬ በቀኝ በኩል ትንሽ ቦታ አሁንም አይሰማኝም። ሊመለስም ላይመለስም ይችላል ብለውኛል። ሁሉም መቶ በመቶ ተመለሰ ብዬ መመስከር እችል ነበር፣ ማንም ገብቶ አይፈትሽም፣ ግን በመድኃኔዓለም ስም ውሸት አልጨምርም፣ ያደረገልኝ እንዳለ ይበቃል።

ጥቅምት 27፣ 2018 ዕለት ስለቴን አስገባሁ። ማይኩን ሲሰጡኝ ነጠላዬን ወደ አፌ ላነሳ ነበር፣ ተውኩት። ይንቀጠቀጥ የነበረው ድምፄ ነው፣ መንጋጋዬ አይደለም። ስጨርስ እኔም ከሴቶቹ ጋር እልል አልኩ።

የማስቸግራችሁ አንድ ነገር አለ። የአጋሮው ልጅ። ኦፕራሲዮኑ አፉን ከፍቶለታል፣ ግን በየቀኑ ስፖርት ካልሰራ እንደገና ሊጣበቅ ይችላል፣ ስፖርቱ ደግሞ ስስ እንጨቶች ደራርቦ ጥርሱ መሃል እያስገባ መክፈት ነው፣ ያማል፣ ልጅ ስለሆነ ይደብቃቸዋል፣ እናቱ እያለቀሰች ታስገድደዋለች። እማዬና እሷ እስካሁን ይደዋወላሉ። እኔም ስልኩን እቀበልና ስንት እንጨት ገባ እለዋለሁ፣ አንድ ጨምረሃል ወይ እለዋለሁ፣ እሱ ይስቃል እንጂ አይነግረኝም። በጸሎታችሁ አስቡት፣ ስትጸልዩ የአጋሮው ልጅ በሉ፣ እሱ ያውቀዋል።