አንድ ቃል፣ ሁለት በሽታ

ዛሬ አክስቴን ይዤ ሐኪም ቤት ነበርኩ። ሐኪሙ ውጤቱን አየና «የሳንባ ነቀርሳ ነው» አለ። እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። ጣቶቿ በረዶ ሆነዋል።

«ካንሰር ነው ማለት ነው?»

«አይደለም እናቴ፣ ቲቢ ነው። መድኃኒቱን 6 ወር ሳያቋርጡ ከወሰዱ ይድናሉ።»

ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ግን በዚያች መሃል ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳውም።

አማርኛችን ነቀርሳን ለሁለቱም ይጠቀምበታል። የሳንባ ነቀርሳ ሲባል ቲቢ ነው፤ የጡት ነቀርሳ ሲባል ደግሞ ካንሰር። ታማሚ ፊት ገና ከጅምሩ «ቲቢ» ቢባል ይሻላል ባይ ነኝ።

ማታ ካንሰር የሚለውን ቃል ስከታተል አመሸሁ። ለካ በላቲን ሸርጣን ማለት ነው፤ ያ ወደ ጎን የሚሄደው የውኃ እንስሳ። ላቲኖቹ ከግሪኩ ካርኪኖስ ነው የተረጎሙት። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪም ጋለን ምክንያቱን ነግሮናል። ጡት ላይ የወጣውን እብጠት ሲያይ፣ ዙሪያውን ያበጡት ደም ሥሮች ግራና ቀኝ እንደተዘረጉ የሸርጣን እግሮች ታዩት። እንዴት ያለ ዓይን ነው!

ጀርመኖች ክሬብስ፣ ዓረቦች ሰረጣን ይሉታል። ሁለቱም ያው ሸርጣን ናቸው። ሰረጣንና ሸርጣን ደግሞ ዘመድ እንደሆኑ ጆሮ ይመሰክራል። እኛ ግን ቃሉን ለእንስሳውና ለኮከቡ ብቻ ተውነው።

ይሄን ሁሉ ሳወራላት አክስቴ ጸጥ ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «የኔ ግን ቲቢው ነው አይደል?» አለችኝ።

አዎ፣ ቲቢው ነው።