ዶሮ ወጡ ተቆልፎበት ቀረ

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጥር ላይ የእህቴ ልጅ 80 ቀን ሞላትና ክርስትና ሆነ። ዶሮ ወጡ በእኛ ላይ ወደቀ። በእኛ ስል በባለቤቴ ላይ ማለቴ ነው። ፍሪጃችን ስለሞላ ድስቱን እኩለ ሌሊት ላይ 2008 ሥሪት ቶዮታ ፕሪየስ መኪናችን ውስጥ ከኋላ ጫንነው። ውጭው ከዜሮ በታች ነው፤ ከዚህ የተሻለ ፍሪጅ ከየት ይመጣል?

ንጋት 11 ሰዓት ላይ ነጭ በነጭ ለብሰን ወረድን። ሪሞቱን ብጫን ዝም። ደግነቱ ከሆዱ ተስቦ የሚወጣ የብረት ቁልፍ አለው፤ በእሱ ከፍቼ ገባሁ። ፍሬን ረግጬ የማስነሻውን በተን ተጫንኩ። ዳሽቦርዱ ጭል ጭል አለና ጠፋ።

«አለቀልን፤ ባትሪው ሞተ» አልኳት። ስለ ሃይብሪድ፣ በቤንዚንም በባትሪም ስለሚሄድ መኪና፣ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባትሪው ከሞተ ሺዎች ይጠይቃል።

«መኪናው ይሙት፤ ወጤን አውጣልኝ!»

የኋላው በር ግን የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ነው። ከውጭ የቁልፍ ቀዳዳ እንኳ የለውም። የኋላ ወንበሩን አጥፌ በደረቴ እየተሳብኩ ገባሁ። ነጠላዬ ከመቀመጫ ቀበቶው ጋር ተጠላለፈ። ድስቱ ጋ ስደርስ ወደፊትም ወደኋላም መሄድ አቃተኝ። ክዳኑ ሸርተት ብሎ ሸሚዜ ቀላ። ወጡ በብርዱ ባይረጋ ኖሮ እኔው ራሴ እንቁላሉን መስዬ እወጣ ነበር።

በዚህ መሃል ጎረቤታችን ጋሼ መጡ። ዲሲ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ታክሲ ነድተዋል።

«ልጄ፣ እግርህ ብቻ ነው የሚታየኝ። ደህና ነህ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ባትሪው ሞተብኝ!»

«የትኛው?»

«ስንት አለው ደግሞ?»

በሳቅ ፈረሱ። ለካ ሁለት ነው። ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ያለው ከ200 ቮልት በላይ የሆነው ትልቁ፣ ሌላው ደግሞ እንደማንኛውም መኪና ባለ 12 ቮልቱ ትንሹ። ሞተሩን የሚያስነሳው ትልቁ ነው። ትንሹ ኮምፒውተሮቹን ይቀሰቅሳል። «ትንሹ ዘበኛ ነው» አሉ፤ «እሱ ካልከፈተለት ባለሥልጣኑ ቢሮው አይገባም።» ትንሹ የት ነው ብላቸው፣ ካቀፍኩት ድስት አጠገብ፣ በስተቀኝ ጥግ ከሽፋኑ ጀርባ!

እሳቸው ግን ወደዚያ አልመጡም። የፊቱን ኮፈን ከፈቱ፤ ከፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ቀይ ክዳን ያላትን ብረት ገለጡ። ፖዘቲቩን እዚያ፣ ኔጋቲቩን ባዶ ብረት ላይ አድርገው ከታክሲያቸው ጃምፕ ሰጡኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የኋላው በር ከውጭ ቷ ብሎ ተከፈተ። እኔ ያኔም ውስጥ እንደተጋደምኩ ነኝ፤ ባለቤቴ መጀመሪያ ድስቱን ተቀበለችኝ።

ይሄ ሁሉ አልፎ ነበር። ጋሼ ግን ኬብላቸውን እየጠቀለሉ ጠየቁ።

«ማታ የሆነ ነገር ከፍተህ ተቀምጠህበት ነበር? ፍሬን ሳትረግጥ ከከፈትከው ሬዲዮው ብቻ ነው የሚሠራው፤ ትንሹን ባትሪ ይጨርሰዋል። ሬዲ የሚለው መብራት ሲበራ ነው ትልቁ ትንሹን የሚሞላው።»

ነበር። ሽንኩርት ልገዛ ብዬ ወጥቼ ፓርኪንግ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ትረካ ሰምቻለሁ። ለባለቤቴ የነገርኳት ሱቁ ሰልፍ ነበረው ብዬ ነው።

ዘወር ብዬ አየኋት። ድስቱን ይዛ፣ እጆቿን እያየች ነው። ሽንኩርቱን ለብቻዋ የከተፈችባቸውን።