በቤት ኪራይ ረቂቅ አዋጅ ላይ ቋሚ ኮሚቴ ፊት ቀርቤ እንዴት እንደተናገርኩ

የምኖረውም የምሠራውም ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚነሣበት አቅራቢያ፣ በጋራ መኖሪያ ቤቶቹ መካከል። ከአንዱ ሕንፃ ሥር የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። ማመልከቻ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ አቤቱታ እጽፋለሁ፤ ከሁሉ የሚበዛው ግን የቤት ኪራይ ውል ነው። በ2016 ዓ.ም የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር ረቂቅ አዋጅ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቅረቡን በዜና ስሰማ፣ ሌላ ሰው እስኪናገርልኝ መጠበቅ አልፈለግኩም። እንዴት ቋሚ ኮሚቴው ፊት እንደደረስኩ የምጽፈው ነገ ሌላ ረቂቅ ሲመጣ ከአንባቢዎቼ አንዱ እንዲሄድ ስለምፈልግ ነው።

ብዙዎቻችን ምክር ቤቱን የምናውቀው በቴሌቪዥን ነው። ረቂቁ ይነበባል፣ ጥቂት አባላት ይናገራሉ፣ እጅ ይወጣል፣ አዋጁ ይጸድቃል። ይህን ያየ ሰው ሁሉም ነገር በዚያች ሰዓት የሚወሰን ይመስለዋል። አይደለም። አብዛኛው ረቂቅ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት መጥቶ አንደኛ ንባብ ከተደረገለት በኋላ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። የኪራዩ ረቂቅ የተመራው ለከተማ፣ መሠረተ ልማትና ትራንስፖርት ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ነበር። ኮሚቴው አንቀጽ በአንቀጽ ያያል፣ ያዘጋጀውን መሥሪያ ቤት በአስረጂነት ይጠራል፣ ባለድርሻዎችን ያነጋግራል፣ ከዚያ ሪፖርቱንና የውሳኔ ሐሳቡን ይዞ ወደ ምክር ቤቱ ይመለሳል። በምክር ቤቱ ሙሉ ስብሰባ ላይ እጅ በሚወጣበት ሰዓት ክርክሩ በአመዛኙ አልቋል። ቃል ሊጨመር ወይም ሊቀነስ የሚችለው ኮሚቴው ዘንድ ሳለ ነው፤ ያም ጊዜ አጭር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግኩት ረቂቁን ማግኘት ነው። ዜናው ስለ ረቂቁ የሚለው ሌላ ነው፣ ረቂቁ ራሱ የሚለው ሌላ ነው። ከረቂቁ ጋር ማብራሪያ የሚባል ሰነድ አብሮ ይመጣል፤ እኔ ቀድሜ ያነበብኩት እርሱን ነው። አዘጋጆቹ እያንዳንዱን አንቀጽ ለምን እንዳስገቡት የሚናገረው እዚያ ነው። አከራይና ተከራይ በተግባር እንዲህ ያደርጋሉ ብለው ያሰቡት ነገር ሰፈራችሁ ውስጥ ከምታዩት ጋር ካልገጠመ፣ ለኮሚቴው የምትነግሩት ቁም ነገር አገኛችሁ ማለት ነው። ረቂቁን ሳነብ ደግሞ ትርጓሜ ከሚለው አንቀጽ ጀምሬ ወደ ቅጣቱ ዘለልኩ፤ ቀጥዬ “በመመሪያ ይወሰናል” የሚለውን ሐረግ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። ገንዘብና ቀነ ገደብ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው አስፈጻሚው ተቋም በኋላ በሚያወጣው መመሪያ ውስጥ ነው።

ከዚያ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ዓመታት የጻፍኳቸው ውሎች እዚያ አሉ። ስምና የቤት ቁጥር አጥፍቼ ጥቂቶቹን አተምኩ። በእኛ ሰፈር የተለመደው ውል አንድ ገጽ ነው። አከራይ፣ ተከራይ፣ የወር ኪራይ፣ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ፣ የሦስት እማኞች ፊርማ። መሐል ላይ “አከራይ ቤቱን በፈለገ ጊዜ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያስለቅቃል” የምትል መስመር አለች። መጨረሻው ላይ ሁሉም ሰው እንድጽፍለት የሚያሳስበኝ ዓረፍተ ነገር ይመጣል፤ ይህ ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው የሚለው። ቁጥሮቹን የማያውቅ የለም፣ የሚሉትን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ነው ይላል። እንግዲህ ስድስት ወር ቅድሚያ ክፈል ወይም በወር ልቀቅ የሚለው ቃል ከተፈረመበት በኋላ በሁለቱ መካከል ሕግ ሆነ ማለት ነው። ተከራዩ በልመና አያስቀረውም፤ ዳኛም ቢሆን አዝኖ ብቻ አይሽረውም። ሊሽረው የሚችለው እንዲህ ያለውን የውል ቃል የሚከለክል አዋጅ ነው። ወደ አራት ኪሎ ይዤ የሄድኩት ክርክር ይህ ነው፤ ከሰፈሬ ወረቀት ላይ የተገኘ ነው።

ጎረቤቶቼንም አነጋገርኩ። አቃቂ ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት ተከራይ ስድስት ወሩን ለመክፈል ዕቁቧን ቀድማ እንዳወጣችና አሁን በዕዳ እንደምትከፍል ነገረችኝ። አንድ ጡረተኛ አከራይ ደግሞ ተከራዩ የመብራትና የውሃ ሒሳብ ጥሎበት በሌሊት እንደወጣ አጫወቱኝ። ሁለቱም እውነት ነው። የአከራዮቹን እውነት ሳያዳምጥ ወደ ኮሚቴ የሚሄድ ተከራይ መልስ ያጥረዋል፤ እዚያ ሲደርስ አጠገቡ አከራይ ተቀምጦ ያገኛል።

አስተያየቴን በአንድ ገጽ ጻፍኩ። የአንቀጹን ቁጥር፣ በሰፈራችን የሚሠራበትን፣ ከዚያ እንዲገባ የምጠይቀውን ቃል በቃል። ዋናው የመጨረሻው ነው። “ጉዳዩ ታስቦበት ይስተካከል” ብሎ የሚጨርስ ሰው ሥራውን ለሌላ ሰው ትቶ ነው የሄደው፤ ሌላው ሰው ደግሞ ጊዜ የለውም። ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር በውክልና የሚያከራዩ ሰዎችን የሚመለከት ነበር። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ባለቤቶች ብዙዎቹ ሌላ ቦታ ወይም ውጭ አገር ናቸው፤ ውሉን የሚፈርመው ወንድም፣ አክስት፣ አንዳንድ ጊዜም ደላላ ነው። የውክልናው ቅጂ ከውሉ ጋር እንዲያያዝ ጠየቅኩ። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገብቼ ቅጂው ላይ ገቢ መሆኑን የሚያሳይ ማኅተም አስመታሁ፤ ወደ ኮሚቴው ጽሕፈት ቤት እየደወልኩ ባለድርሻዎችን የሚያነጋግርበት መድረክ መቼ እንደሆነ የጠየቅኩት ያንን የገቢ ቁጥር እየጠራሁ ነው። ቁጥር ያለው ጠያቂ ይስተናገዳል።

በመድረኩ ቀን በጠዋት ወጥቼ በቃሊቲ በኩል አራት ኪሎ ደረስኩ። መታወቂያ ታየ፣ ፍተሻ ታለፈ። አዳራሹ ውስጥ ሰብሳቢዋና የኮሚቴው አባላት ከፊት፣ ረቂቁን ያዘጋጀው ሚኒስቴር ባለሙያዎች በጎን፣ እኛ ከፊት ለፊታቸው ተቀመጥን። ባለሙያዎቹ ረቂቁን አስረዱ፤ ከዚያ ተሳታፊዎች በዙር እንድንናገር ዕድል ተሰጠ። ብዙው ሰው የተናገረው ስለ ኑሮ ውድነት ነው። ልብ ይነካል፤ ነገር ግን ቃለ ጉባኤ ያዡ እጁን ሲያሳርፍ አየሁት፤ የሚጽፈው አንቀጽ አልተጠራለትም። አከራዮቹ ግን ተዘጋጅተው መጥተዋል። ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይሁን የሚለውን በቁጥሩ ጠርተው ተቃወሙ።

ተራዬ ሲደርስ “ክብርት ሰብሳቢ” ብዬ ቅድሚያ ክፍያውን በሚገድበው አንቀጽ ጀመርኩ። እርሱን የመረጥኩት ስለምደግፈው ነው። ሰው ወደ እንዲህ ያለ መድረክ የሚሄደው ለመቃወም ብቻ ይመስለዋል፤ አንድ አንቀጽ ተቃዋሚ መጥቶበት ደጋፊ ካላገኘ ግን ኮሚቴው የሚሰማው የአንድ ወገን ድምፅ ብቻ ይሆናል። የውሉን ቅጂ ከፍ አድርጌ እያሳየሁ ስለ ቁጥር 1731 ተናገርኩ፣ የውክልናውን ጥያቄ አቀረብኩ፣ ጨረስኩ። አንድ አባል ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡትና ጠየቁኝ።

“ይህን ውል የጻፈው ማነው?”

“እኔ ነኝ፣ የተከበሩ።”

“ተከራዩ ሳይፈርም ያነበዋል?”

“አዎ፣ ያነባል። ስድስት ወር የሚለው ጋር ሲደርስ ዝም ብሎ ይፈርማል፤ ደላላው ሌላ ሰው በር ላይ ቆሟል ስላለው።”

ማስታወሻ ያዙ። የሚኒስቴሩ ባለሙያም መልስ ሲሰጡ ወደዚያ ውል ተመለሱ። ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የክፍሉ ወሬ እርሱን ይከተላል፤ ከንግግሬ ይልቅ የሠራው ያ አንድ ገጽ ነው።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መጋቢት 2016 ላይ ጸደቀ። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ ይሁን ይላል። በእኔ ንግግር የመጣ ነው አልልም፤ ከእኔ በፊትም በኋላም የለፉበት አሉ። የጸደቀ ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ይቀርባል፤ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈረም እንኳ በሥራ ላይ ይውላል። ሲታተም በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛው መካከል ልዩነት ቢገኝ የበላይነት ያለው አማርኛው ነው። የታተመውን ከረቂቁ ጎን አስቀምጬ መስመር በመስመር አነጻጸርኩ። ይህን ሥራ እንድትዘሉት አልመክርም፤ የትኛው ቃል ከኮሚቴው ደጃፍ ሲወጣ እንደተለወጠ የሚታየው በዚህ ብቻ ነው፣ ለሚቀጥለው ረቂቅም ከማንኛውም ሥልጠና በላይ ያስተምራል።

ሱቄ ውስጥ የነበረውን የስድስት ወር መስመር ከውሉ ላይ አጥፍቻለሁ። እንዲጻፍ የሚጠይቅ ሲመጣ አዋጁን አውጥቼ አሳየዋለሁ። አሁን ክርክሩ ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል፤ በወረቀት ላይ አንድ ዋጋ፣ በእጅ ሌላ ዋጋ እንዲሆን የሚሹ አሉ፣ ምዝገባው ላይ የሚመላለሱም አሉ። በዚያ ላይ ሰፈራችን ድንበር ላይ ነው። ከእኛ ወዲያ ኮዬ ፈጬ የሸገር ከተማ አስተዳደር አለ፤ በአንድ ታክሲ የምንሳፈር ጎረቤታሞች ለተቆጣጣሪ የምንሄደው ለየብቻ ነው። እነዚህ ነገሮች የሚፈቱት በአብዛኛው በመመሪያ ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ መመሪያ የሚያወጣ ተቋም ረቂቁን አስታውቆ የሕዝብ አስተያየት እንዲቀበል ያዛል፤ አዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርንም ይመለከታል። ቀጣዩን አንድ ገጽ የምጽፈው ለዚያ ነው፤ የምዝገባውን ጉዳይ ከእኔ ጋር ማየት የሚፈልግ የሰፈር ሰው ውሉን ይዞ ይምጣ።