ውሃው ወደ ኋላ የሸሸበት ሌሊት፦ ስለ ሃሪኬን ሚልተን ምስክርነት

ጌታ ይመስገን! ይህ ምስክርነት በኦክቶበር 2024 ሚልተን የተባለው ሃሪኬን (ከባሕር የሚነሣ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ሲመጣ፣ በፍሎሪዳ በታምፓ ቤይ (በታምፓ ባሕረ ወሽመጥ) ዙሪያ ባለን ሐበሾች በየቤቱና በየስልኩ ለተጸለየው ጸሎት የመጣውን መልስ የሚናገር ነው። ምስክርነት ላይ ብዙ ጊዜ «ተአምር ሆነ» ብለን እንቀመጣለን። የሚልተን ነገር ግን በየሰዓቱ ተለክቶ የተመዘገበ ስለሆነ ምስጋናውም በልኩ ቢሆን ይሻላል።

ጸሎቱ ሦስት ነገር ነበረው፦ ሰው በጊዜ እንዲወጣ፣ የነፋሱ ጉልበት እንዲሰበር፣ ውሃው ወደ ከተማው እንዳይገባ። ሦስተኛው ላይ ሁሉም ያለቀሰበት ምክንያት ነበረው። ሄሊን የምትባለው ሃሪኬን ፍሎሪዳን የመታችው ሴፕቴምበር 26 ማታ፣ ልክ በደመራ ዕለት ነው። ማዕከሏ ከታምፓ ርቆ በምዕራብ በኩል ባሕር ላይ ቢያልፍም ባሕሩ ሰው ሳሎን ድረስ ገብቶ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሚልተን ሲመጣ፣ ውሃ የጠጣው ፍራሽ፣ ፍሪጁና የተቀደደው የግድግዳ ቦርድ ገና በየመንገዱ ዳር ተቆልሎ ነበር። ያ ክምር በነፋስ ቢነሳ ምን እንደሚያደርግ ለማሰብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ሚልተን ቅዳሜ ኦክቶበር 5 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ክፍል ስም ወጣለት። እሑድ ሃሪኬን ሆነ፤ ሰኞ እኩለ ቀን ገደማ ካቴጎሪ 5 ገባ፤ ከ1 እስከ 5 ባለው የነፋስ ደረጃ የመጨረሻው ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ነፋሱ በሰዓት ከ80 ማይል ወደ 175 ማይል ዘለለ። ባለሙያዎች «ፈጣን መጠናከር» የሚሉት በ24 ሰዓት 35 ማይል ሲጨምር ነው፤ ይሄ የዚያ ሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። የማያሚው አንጋፋ የአየር ጠባይ ተንታኝ ጆን ሞራሌስ የመሃሉ የአየር ግፊት (ሲወርድ ማዕበሉ በረታ ማለት ነው) በ10 ሰዓት ውስጥ 50 ሚሊባር መውረዱን በቀጥታ ሥርጭት ሲናገር ሳግ ተናነቀው። ዕድሜውን ሙሉ አውሎ ነፋስ ያየ ሰው ነው።

ለምን እንዲህ ፈጠነ? ሃሪኬን ለመኖር 26.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሆነ የባሕር ውሃ ይበቃዋል፤ ባሕረ ሰላጤው በዚያ ሳምንት ከ30 በላይ ነበር። ከላይ ያለው ነፋስ ደካማ ስለነበር አናቱን የሚገፋበት አልነበረም። ከሁሉ በላይ ግን ዐይኑ፣ ማለትም ጸጥ ያለው መሃሉ፣ ጠባብ ነበር፤ ሰኞ ዕለት ስፋቱ 4 ማይል እንኳ በቅጡ አይሞላም። እንዝርት ያሾረ ያውቀዋል፦ የቀጠነ ነገር ቶሎ ይሾራል፣ ቶሎም ይወላገዳል። ትንሽ ዐይን ያለው ማዕበልም ጠባዩ ይኸው ነው፤ ለመውጣትም ለመውረድም ሰዓታት ይበቁታል።

ይህን የምናውቀው ገብተው የሚለኩ ሰዎች ስላሉ ነው። ሳተላይት ከላይ የደመናውን ቅዝቃዜና የዐይኑን ሙቀት አይቶ ይገምታል፤ ውስጡን የሚነግረን ግን አውሮፕላን ነው። አውሮፕላኑ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ በዐይኑ ዙሪያ ያለውን የደመና ግድግዳ ጥሶ ይገባና ድሮፕሶንድ የሚባል የካርቶን ቱቦ የመሰለ መለኪያ ይለቃል። መለኪያው በትንሽ ፓራሹት እየወረደ ግፊቱን፣ ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና ነፋሱን ባሕሩን እስኪመታ ድረስ ይልካል። ዐይኑ ሲጠብ አንድ ችግር ይመጣል፤ መለኪያው በነፋስ ተወስዶ መሃሉን ይስታል። ባሕሩን ሲነካ ነፋስ ካነበበ መሃል ላይ አልወደቀም ማለት ነው። ስለዚህ ለየ10 ኖት (ኖት የፍጥነት መለኪያ ነው) ነፋስ 1 ሚሊባር ይቀንሱለታል። በዚህ መንገድ ነው የሚልተን ግፊት ከ900 ሚሊባር በታች መውረዱ የታወቀው፤ በአትላንቲክ ታሪክ እዚያ የደረሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 8፣ በገባው የኖዋ (የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት) አውሮፕላን ላይ የሆነውን ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም። ፒተር ዶጅ የሚባል የራዳር ሳይንቲስት በሕይወቱ 386 ጊዜ የሃሪኬን ዐይን ውስጥ ገብቶ ወጥቷል። በ2023 ዐረፈ። ባልደረቦቹ አመዱን ይዘው ሚልተን ዐይን ውስጥ ለቀቁለት፤ 387ኛው ሆነለት። አስከሬን ማቃጠል ለእኛ እንግዳ ነገር ነው፤ ግን «ሰው በጊዜ እንዲወጣ» ብለን ስንጸልይ መልሱ በማን እጅ እንደመጣ ያየነው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው መልስ እሱ ነበርና፦ ጊዜ። ሚልተን የከፋበት ቀን ሰኞ ነው፤ የብስ የረገጠው ረቡዕ ማታ። በመካከሉ ሁለት ቀን ያህል አለ። ከዚያ አንድ ዓመት በፊት፣ ኦክቶበር 2023፣ ኦቲስ የሚባለው ሃሪኬን አካፑልኮን ሲመታ ካቴጎሪ 5 ነበር፤ ከ24 ሰዓት በፊት ግን ሃሪኬን እንኳ አልነበረም። የከፋው በመጨረሻው ቀን፣ ሰው ማታ ሊተኛ ሲል ነው። አካፑልኮ ውስጥ የሚጸልይ ጠፍቶ አይደለም። ይህን የምንለው የተሰጠን ነገር ምን ያህል እንደሆነ እንድናውቅ ነው፤ በታምፓ ዙሪያ ሰው መኪናውን ነዳጅ ሞልቶ፣ ሽማግሌ አሳፍሮ ለመውጣት ጊዜ አግኝቷል።

ሁለተኛው፦ ጉልበቱ ተሰበረ። ሰኞ ሌሊት ጠባቡ ዐይን ዙሪያ ሌላ ሰፊ ግድግዳ ተሠራና የውስጡን አፈነው፤ ነፋሱ ወረደ። ማክሰኞ መልሶ ወደ 5 ወጣ። ረቡዕ ግን ከላይ የተነሣው ኃይለኛ ነፋስ አናቱን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ገፋው፣ ደረቅ አየርም ገባበት። ሲየስታ ኪ የምትባል የሳራሶታ ዳርቻ ደሴት ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ በእኛ አቆጣጠር ሲያርፍ ካቴጎሪ 3 ሆኖ ነበር። ነፋሱን የገሠጸው ጌታ ይመስገን! ሆኖም አንድ ነገር ልብ ይባል። «ወደ 3 ወረደ» ሲባል ሰምቶ ከመንገድ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ተሳስቷል። ማዕበል ሲዳከም ነፋሱ ብዙ ጊዜ ይሰፋል፤ በክፍት ባሕር ላይ የተገፋው ውሃ ደግሞ ቁጥሩ ስለወረደ አይመለስም። ካቴጎሪ የነፋስ ቁጥር ብቻ ነው፤ ስለ ውሃ አንዲት ቃል አይናገርም።

ሦስተኛውን ቀስ ብለን እንናገረው። ለታምፓ ቤይ የተተነበየው ከ10 እስከ 15 ጫማ ውሃ ነበር፤ ከአንድ ፎቅ ከፍታ በላይ ማለት ነው። ከምድር ወገብ በሰሜን በኩል የማዕበል ነፋስ የሚዞረው የሰዓት ቆጣሪ ከሚዞርበት በተቃራኒ ነው። ዐይኑ ከቤዩ በሰሜን ቢያልፍ ነፋሱ ከምዕራብ እየመጣ ባሕሩን ወደ ቤዩ አፍ ይጠቀጥቀዋል፤ በደቡብ ቢያልፍ ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍስና ውሃውን ይጠርገዋል። ያረፈው ከታምፓ በስተ ደቡብ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። በዚያ ሌሊት የታምፓ ውሃ መለኪያዎች ከተለመደው 5 ጫማ ገደማ ወደ ታች ወረዱ። የቤዩ ዳርቻ ጭቃው ታየ። የተፈራው ውሃ ሸሸ! (እንዲህ ሲሆን ጭቃው ላይ ወርደው ፎቶ የሚነሱ አሉ፤ አይደረግም። ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር ውሃው ይመለሳል።)

ግን «ጸሎታችን ወደ ደቡብ ገፋው» አንበል። እባካችሁ። በደቡብ በኩል ያሉት ቬኒስና ማናሶታ ኪ ላይ ለእኛ የተፈራው ውሃ በእነሱ ቤት ገባ፤ እዚያም የሚጸልዩ አሉ። ገና ማዕበሉ ሳያርፍ ደግሞ በፍሎሪዳ ማዶ፣ በሴንት ሉሲ አውራጃ፣ በውጨኛ ደመናው የተነሣ ቶርኔዶ በአንድ የአረጋውያን ሰፈር ስድስት ሰው ገደለ። እነሱ ሚልተን ካረፈበት ቦታ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ነበር። ሴንት ፒተርስበርግም ከባሕሩ ብትድንም ከሰማይ ከ18 ኢንች በላይ ዝናብ ወርዶባታል፤ የስታዲየሙ ጣሪያ ተቦጫጭቋል፤ ክሬን ሕንፃ ላይ ወድቋል። ለምን እኛ ተረፍን፣ ለምን እነሱ አልተረፉም፤ መልስ የለንም፣ መልስ ያለን መስለንም መመስከር አንወድም።

ሲጸልዩ ትንበያ ለሚከታተሉ ደግሞ ጥቂት እንጨምር። የአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል ሙሉ መግለጫ በየስድስት ሰዓቱ፣ በእኛ አቆጣጠር ንጋት 11፣ ረፋድ 5፣ አመሻሽ 11 እና ማታ 5 ላይ ይወጣል። በካርታው ላይ ያለው ነጭ ሾጣጣ («ኮን» የሚሉት) የዐይኑ መሃል የሚያልፍበት ግምት እንጂ የጉዳቱ ድንበር አይደለም፤ ከሦስት ጊዜ አንዱን መሃሉ ራሱ ከሾጣጣው ይወጣል። የቤታችሁን የመውጫ ዞን ፊደል አሁኑኑ እወቁ፤ ኤ ከሆነ መጀመሪያ የምትወጡት እናንተ ናችሁ። የሚሸሸው ከውሃ ነው፣ ከነፋስ ግን በጠንካራ ቤት ይጠለሉታል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ 20 ማይል ወደ መሃል አገር መሄድ ይበቃል፣ አትላንታ ድረስ መንገድ ላይ መታሰር አያስፈልግም። ለአንድ ሰው በቀን 1 ጋሎን ውሃ። ጄነሬተር ከቤት ውጭ፣ ከመስኮት 20 ጫማ ርቆ፤ ከማዕበል ተርፎ በጭስ መሞት በየዓመቱ አለ።

የሴንት ሉሲ ስድስቱ ቤተሰቦች አሁንም በጸሎት ዝርዝራችን ላይ ናቸው። የታምፓ ሐበሾችም ለዚያ ሌሊት «ተመስገን» እያልን ነው።