ስለ ስትሮክና ስለዚያ ማሽን

ሰሞኑን ከደብረ ማርቆስም ከባሕር ዳርም በቴሌግራም የሚደርሰኝ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ነው፤ ስትሮክ የመታው ሰው ራሱ ላይ ሽቦ ይለጠፍለትና እጁን ያነሳል። "ለአጎትህ ይችን ማሽን አዋጥተን እናስመጣላቸው" ትሉኛላችሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ግን ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት የማውቀውን ልንገራችሁ።

ነገሩ ውሸት አይደለም። በስትሮክ የሞተ የአንጎል ክፍል አይመለስም፤ በዙሪያው የተረፈው ግን ሥራውን ሊማርለት ይችላል። ኤሌክትሪኩ የሚፈለገው ይሄን ትምህርት እንዲያግዝ ነው።

ራስ ላይ የሚለጠፈው ከ1 እስከ 2 ሚሊአምፔር የሚሆን ደካማ ኤሌክትሪክ ነው። ብዙ ተጠንቷል፤ አንዱ ጥናት ረዳ ሲል ሌላው ለውጥ አላየሁም ይላል። ሐኪም ሳይኖር እቤት የሚሞከር ነገርም አይደለም፣ አደራ።

የተሻለ ማስረጃ ያለው ሌላ ነው። ደረት ላይ ከቆዳ ሥር ትንሽ መሣሪያ ይቀበራል፤ ሽቦው አንገት ላይ ካለው ቬገስ ከሚባለው ነርቭ ጋር ይያያዛል። ታማሚው ኩባያ ለማንሳት እጁን ሲዘረጋ፣ ልክ በዚያች ቅጽበት ባለሙያው ቁልፍ ይጫናል፤ ለግማሽ ሰከንድ ብቻ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል። እንደገና ይዘረጋል፣ እንደገና ይጫናል፣ በመቶ የሚቆጠር ጊዜ። እ.ኤ.አ. በ2021 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣው ጥናት 108 ሰዎች ተሳትፈዋል። ሁሉም መሣሪያው ተቀብሮላቸው ያንኑ ልምምድ ሠሩ፤ ገሚሶቹ ግን ኤሌክትሪኩ አልተለቀቀላቸውም። ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራው ልምምድ ካለቀ ከሦስት ወር በኋላ ጉልህ መሻሻል ያሳዩት ኤሌክትሪክ ካገኙት 47 ከመቶ፣ ካላገኙት 24 ከመቶ ነበሩ። የአሜሪካው የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤም በዚያው ዓመት ፈቀደው።

እኔን የያዘኝ 24 ከመቶው ነው። እነዚህ ሰዎች ስትሮክ ከመታቸው ቢያንስ 9 ወር፣ አንዳንዶቹም እስከ 10 ዓመት ያለፋቸው ናቸው። "በቃ አይድንም" የተባለ እጅ በልምምድ ብቻ ተሻለው ማለት ነው! ይሄ ደግሞ ቀዶ ጥገና አይፈልግም።

አጎቴ ዕድሜ ልካቸውን እርፍ የጨበጠው ቀኝ እጃቸው ነው የደከመው። አሁን ልጃቸው ሰፌድ ላይ ሽምብራ ትበትንላቸዋለች፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እያነሱ ጣባ ውስጥ ይጨምራሉ። ይንሸራተታል። "ኧረ ተይኝ" ይላሉ። "አባየ፣ ይችን ብቻ" ትላቸዋለች፤ ያችን ያነሳሉ፣ ሌላ ትጨምራለች።

ስለዚህ ለማሽኑ ልታዋጡ ያሰባችሁት ወደ ፊዚዮቴራፒ የሚመላለሱበትን ትራንስፖርት ሸፍኑላቸው። የደም ግፊት መድኃኒታቸውም እንዳይቋረጥ፤ ባለፈው ሊያልቅ ሁለት ፍሬ ሲቀረው ነው የተነገረኝ።