መጽሐፉ 100 ይላል፣ ቴርሞሜትሩ 96

መስከረም በመጣ ቁጥር ወላጆች የሚጠይቁኝ ነገር አንድ ነው። «መምህር፣ ሳይንስ ክፍል ውስጥ ግን ምንድን ነው የምትሠሩት? የልጄ ደብተር እኮ ባዶውን ነው የሚመጣው!» የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ፣ አንዳንዴም ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ስገዛ እያስረዳሁ ሰለቸኝ። ዘንድሮ አንዴ ልጻፈውና ለጠየቀኝ ሁሉ በቴሌግራም እልክለታለሁ።

የማስተምረው ድሬዳዋ ነው። 7ኛ ክፍል፣ አጠቃላይ ሳይንስ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ 7ኛና 8ኛ ላይ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ለየብቻ መሰጠታቸው ቀርቶ ተጠቃለዋል። ያማረረ መምህር ብዙ ነው፣ ባዮሎጂ የተማረ ሰው ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ አስተምር ሲባል ቢጨንቀው አይፈረድበትም። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። የሚፈላ ውሃ ፊት ቆሞ «ይሄኛው የፊዚክስ ነው፣ ያኛው የኬሚስትሪ ስለሆነ ነገ ሌላ ሰው ይነግራችኋል» ማለት ድሮም አይመችም ነበር።

ክፍሉ ከሃምሳ በላይ ልጅ አለበት። ሙቀቱን ድሬን የሚያውቅ ያውቀዋል። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፣ ልጆቹ ደግሞ የድሬ ልጆች ናቸው፣ አንዱ በአማርኛ የጀመረውን ሌላው በኦሮምኛ ይቀጥለዋል፣ ሦስተኛው በሶማሊኛ ይጨርሰዋል። ሲከራከሩ በፈለጉት ቋንቋ ነው፣ አልከለክልም። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ ስያሜዎቹን መጨረሻ ላይ በእንግሊዝኛ እንይዛቸዋለን። ነገሩ ሳይገባው በእንግሊዝኛ የሸመደደውን ልጅ ግን ኅዳር ላይ ጠይቁት፣ አንዱም የለም።

ሳምንቱ እንዲህ ነው የሚሄደው። ሰኞ ኖት የለም። ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ እጽፋለሁ፣ መልሱን ሳልናገር ሁሉም ግምቱን ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። ግምት ስለሆነ አላርመውም። መሃል ሳምንት ላይ እንሠራለን፤ እንለካለን፣ እናፈላለን፣ እንቆፍራለን፣ የሆነውን እንጽፋለን። ኖት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም አጭር። ዓርብ ለጁምዓ ቀደም ብለን ስለምንለቅ ደብተር አዘግቼ በቃል ብቻ እጠይቃለሁ። ለምክትል ርዕሰ መምህሩ የማስረክበው ሳምንታዊ ዕቅድ ላይ ይሄ ሁሉ በሰንጠረዥ ተሰድሮ ያምራል። ድንገተኛ ስብሰባ ሲጠራ ወይም ውሃ ሲጠፋ ግን ዕቅዱ ሌላ፣ ሳምንቱ ሌላ ነው።

ስለ ክፍሉ ሥርዓት ለሚጠይቀኝ ደግሞ ያለኝ አንድ ሕግ ነው፣ የቀረው ሁሉ ከሱ የሚወጣ ነው፦ ያየኸውን ጻፍ። መጽሐፉ የሚለውን አይደለም፣ ጎበዙ ልጅ የጻፈውን አይደለም፣ ቲቸር ደስ ይለዋል ብለህ ያሰብከውንም አይደለም።

በአፍ ሲሉት ቀላል ነው። ስለ ቁስ አካል ስንማር የሰኞው ጥያቄ «ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» የሚል ነበር። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «መቶ!» አለ። ከሰል ምድጃ አመጣሁ፣ ድስት ከጥበቃው ተዋስን፣ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ወጣን። (ይህን የምታነቡ መምህራን ካላችሁ፣ ክፍል ውስጥ ከሰል እንዳታቀጣጥሉ፣ ጭሱ ሰው ይገድላል።) ቴርሞሜትሩ የድስቱን ቂጥ እንዳይነካ በክር አስረን ከእንጨት ላይ አንጠለጠልነው፣ ቡድኖቹ በተራ እየመጡ ያነቡ ጀመር። አንዱ ጀግና ውሃው ገና ለብ እንዳለ 100 ብሎ ጽፎ ቁጭ ብሏል።

«ዋርያ፣ ገና መቼ ፈላና ነው?»

«ቲቸር፣ ያው መጨረሻው መቶ አይደል? መጽሐፉ ላይ አለ እኮ!»

ውሃው ተንተከተከ። 95፣ 96፣ 96፣ 97። ከሰል ጨመርን፣ አራገብን፣ ጠበቅን። ንቅንቅ የለም። ደብተሮቹን ስሰበስብ ግማሾቹ 100 ብለው ጽፈዋል። በዓይናቸው 96 አይተው! አንዷ ግን 96 ብላ ጽፋ ከሥሩ «ቴርሞሜትሩ ሳይበላሽ አይቀርም» የሚል አክላለች። ሙሉ ማርክ ሰጠኋት። ያየችውን ጻፈች፣ ያላመነችውንም አልደበቀችም፣ ከ7ኛ ክፍል ልጅ ከዚህ በላይ ምን ይጠበቃል?

ቴርሞሜትሩ ደግሞ አልተበላሸም። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ስለሚቀንስ ውሃውን የሚጫነው ግፊትም ይቀንሳል፣ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ለማምለጥ መቶ ድረስ መሞቅ አያስፈልገውም። መቶ የሚለው ቁጥር ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ነው፣ ለጅቡቲ ሰው። የደንገጎን ዳገት ወጥተን ሐረር ብንሄድ፣ ከተማዋ ወደ 1,900 ሜትር ስለምትጠጋ፣ 94 አካባቢ ይፈላል። አዲስ አበባ 92 ገደማ ነው። ይህን ሳስረዳ የድሮውን የባቡር ሐዲድ ሰሌዳው ላይ ሳልኩት፤ ከጅቡቲ ተነስቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 እዚህ የደረሰውን፣ ከተማችንንም የወለዳትን፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባውን። ጅቡቲ 100፣ ድሬ 96፣ አዲስ አበባ 92። ሐዲዱ ሽቅብ በወጣ ቁጥር ቁጥሩ ቁልቁል ይወርዳል። ከኋላ ወንበር አንዷ እጇን አወጣች። «አክስቴ አዲስ አበባ ከሄደች ጀምሮ ሽምብራ አልበስል አለኝ እያለች ነው የምታማርረው። በዚህ ነው?» በዚህ ነው። የሚፈላው ውሃ ከዚህኛው ስለሚቀዘቅዝ ጊዜ ይፈጃል። ከእናቷ ቤት ስልክ ደውላ ለአክስቷ ስታስረዳት ይታያችሁ፣ እኔ ደሞዜን የተቀበልኩት ያን ቀን ነው።

ስለ ማርክ ግልጽ ልሁን፣ ምክንያቱም ጭቅጭቁ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ተከታታይ ምዘና ላይ የምሰጠው ነጥብ ለትክክለኛ ቁጥር አይደለም። ልጁ የለካው ከሌላው ቢለይ፣ ቢሳሳትም እንኳ፣ ምን እንዳደረገ እስከጻፈ ድረስ ነጥቡን ያገኛል። ሳይለካ የጻፈ ግን፣ መልሱ ከመጽሐፉ ጋር ቢገጥም እንኳ፣ ዜሮ ነው። አንዳንድ ወላጅ ይሄ ይከብደዋል፣ «ልክ መልሶ እንዴት ዜሮ?» ይለኛል። ልክ አልመለሰም እኮ፣ ኮርጇል። ከጓደኛ መኮረጅና ከመጽሐፍ መኮረጅ ልዩነቱ አይታየኝም።

ቡድን ሥራ ላይ ደግሞ የአንድ ለአምስቱ ነገር የተወብን አመል አለ። ጎበዙ ይሠራል፣ አራቱ ስማቸውን ያጽፋሉ። ስለዚህ ሥራው በየሳምንቱ ይዞራል፤ አንዱ ዕቃ ይይዛል፣ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ሰዓት ያያል፣ አንዱ ደግሞ ክፍሉ ፊት ወጥቶ ይናገራል። ካልዞረ ቴርሞሜትሩን ሁልጊዜ ወንዶቹ ይነጥቁታል፣ ሴቶቹ ጸሐፊ ሆነው ይቀራሉ። ይሄን በዝምታ አላልፍም።

የቀረው ሥርዓት የሚታወቀው ነው። ስልክ ቦርሳ ውስጥ። የሚቀመስ ነገር የለም፣ ስኳር ቢመስልም። እሳት ባለበት ቀን ፀጉር ይታሰራል፣ የሂጃብ ጫፍ ይገባል፣ ነጠላ ጫማ አይፈቀድም። አርፍዶ የመጣ ይገባል፣ በር ላይ አላስቆምም፣ ግን ያመለጠውን ከጓደኛው ቃርሞ ለእኔ በቃል ይነግረኛል። «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» ብሎ የጠየቀኝን መልስ አልሰጠውም፣ እሱን ለምደውታል።

ላቦራቶሪስ የላችሁም ወይ ለምትሉኝ፣ በወረቀት አለን። ክፍሉ ተቆልፏል፣ ማይክሮስኮፑ በላስቲክ ተጠቅልሏል፣ ቁልፉ ከአንዱ ኃላፊ ወደ ሌላው ይዞራል። «ዕቃው እንዳይሰበር» ነው ምክንያቱ። ሳይሰበር አርጅቶ ሊሞት ነው። እኔ ቁልፍ ማሳደዱን ትቼ ከወጥ ቤትና ከመንገድ ዕቃ መሰብሰብ ጀምሬያለሁ፣ እውነቱን ለመናገር በዚያ የመጣው ሳይበልጥ አይቀርም።

ለምሳሌ ባዶ ደብተር ብላ ልትወቅሰኝ የመጣች አንዲት እናት አለች። ደብተሩን ገልጬ «ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ምንድን ነው?» የሚለውን የሰኞ ጥያቄ አሳየኋት። ሳቀች። «ይሄማ የድሬ ውሃ ነዋ! አቼቶ አፍልተህበት ስትደፋው ልቅቅ ይላል።»

«እናቴ፣ ለምን እንደሚለቅ ነው የምንማረው» አልኳት። በማግስቱ ግማሽ ጠርሙስ አቼቶና ቅርፊት የያዘ አሮጌ ማንቆርቆሪያ በልጇ ላከችልኝ።

ቅርፊቱን ፈርፍረን ብርጭቆ ውስጥ ጨመርነው፣ አቼቶ አፈሰስንበት። አረፋው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ የተለኮሰ ክብሪት ወደ ብርጭቆው አፍ ዝቅ ሲያደርጉት ጠፋ። ደገሙት፣ አሁንም ጠፋ። አየር ይመስላል እንጂ የምንተነፍሰው አየር አይደለም ማለት ነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከዚያ አንዱ ልጅ ከሰፈሩ ዳገት ያነሳውን ነጭ ድንጋይ ከኪሱ አወጣና «ይሄስ?» አለ። አቼቶ ጠብ ስናደርግበት እሱም ቀስ እያለ አረፋ ደፈቀ። ለካ የማንቆርቆሪያው ቅርፊትና የተራራው ድንጋይ አንድ ናቸው፣ ካልሲየም ካርቦኔት። የምንጠጣው ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ይዞት ይመጣል፣ ሲፈላ ይጥለዋል። ያንኑ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር ፈጭተው ከ1,400 ዲግሪ በላይ ሲያቃጥሉት ደግሞ ወደ ሲሚንቶ ይሄዳል፣ ድሬ ላይ ከጣልያን ጊዜ ጀምሮ የሲሚንቶ ፋብሪካ የቆመው ያለ ነገር አይደለም። የዚያን ዕለት ኖት አራት መስመር ብቻ ነበር። ደብተሩ ባዶ ነው ለምትሉኝ፣ አራቷን መስመር ልጃችሁን ጠይቁት፣ ሲያወራ ይመሽባችኋል።

8ኛ ክፍል ላይ ሚኒስትሪ እንዳለ አልረሳሁም። ምርጫ ጥያቄ ጠቁሮ የሚወጣበት ፈተና ነው፣ 96 ብሎ ያጠቆረ ይወድቃል። ይሄንንም በግልጽ እነግራቸዋለሁ፤ ፈተናው ላይ «በባሕር ወለል ግፊት» የሚለውን ባይጽፉትም እንዳለ ቁጠሩት፣ 100 ብላችሁ እለፉ። ልጆቹ ይሄን ለመያዝ አልተቸገሩም። የተቸገረው የግል አስጠኚያቸው ነው፣ «ማን ነው 96 ያላችሁ?» ብሎ ተቆጥቷል አሉ።

የሚቀጥለው ጥያቄ ከተማችንን አቋርጦ ስለሚያልፈው ደረቅ ወንዝ፣ ስለ ደቻቱ ነው። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደረቁ አሸዋ ድንገት ለምን ይሞላል? መልሱ ከተማው ውስጥ የለም፣ ዝናቡ የሚጥለው ደቡቡ ላይ ካለው ተራራ ነው፣ ዛፍና ሣር ከሌለበት ዳገት ውሃው ሳይሰርግ ተንደርድሮ ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ተማሪዎቼ ገና አልተወለዱም፣ እናንተ ግን ነበራችሁ። መናገር የማይከብዳችሁ ካላችሁ ያያችሁትን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፣ በዚያ ሳምንት ደብተራቸው ላይ የሚጽፉት እሱን ነው። ለመሥሪያ ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ባዶ ሃይላንድ፣ ትልቁን፣ ይዞ ይምጣ። በቁመቱ ቀደን አንዱን ሣር ያለው አፈር፣ ሌላውን ራቁቱን አፈር እንሞላዋለን፣ አጋድመን እኩል ውሃ እናፈስባቸዋለን። እባካችሁ አዲስ እንዳትገዙ፣ ከየሱቁ በር ተለቅሞ የታጠበ ይበቃል። መቅደዱን እኔ እሠራለሁ፣ ምላጭ አስይዛችሁ እንዳትልኩ።