የቁም ሣጥኑ ጥያቄ

በመድን ድርጅት ካሳ ክፍል የሠራ ያውቀዋል፤ ጎርፍ ባለፈ ማግስት ስልክ ማንሳት ያስፈራል። የዚያን ጊዜ የደረሰኝ አንድ አፓርታማ ነበር። ውሃው ምድር ቤቱን ሞልቶ፣ ፓምፑንና የመብራት ቆጣሪዎቹን አስጥሞ፣ መጀመሪያው ወለል ላይ እስከ ጉልበት ወጥቷል።

ከነዋሪዎች ኮሚቴ ጋር ብዙ አልተጨቃጨቅንም። የጎርፍ ሽፋኑ በተጨማሪነት ተገዝቷል፤ የጭቃው መስመርም ግድግዳው ላይ ይታያል። ችግሩ ሕንፃውን ያስመዘገቡት ከሚያወጣው በግማሽ ዋጋ መሆኑ ነው። ካሳውም በዚያው ልክ በግማሽ እንደሚወርድ ስነግራቸው ሊቀመንበሩ ዝም አሉ። አረቦኑን፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፍሉትን ገንዘብ፣ ለማሳነስ የተደረገ መሆኑን እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

ያልጠበቅኩት ከታች የሚኖሩትን እናት ነው።

«ልጄ፣ የእኔን ዕቃ መቼ ነው የምትመዘግበው?»

«እትዬ፣ ይሄ ውል የሚሸፍነው ሕንፃውን ነው። የቤት ዕቃ ለብቻው መድን ይገባለታል።»

«ሕንፃው ሙሉ በሙሉ ገብቷል ተብለናል እኮ!»

«ገብቷል።»

«ታዲያ የእኔ ቤት ከሕንፃው ውጭ ነው?»

ማብራራት ጀመርኩ። ግድግዳው፣ ወለሉ፣ በሩ፣ ከግድግዳው ጋር የተሠራው ቁም ሣጥን ይሸፈናል። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለው ልብስ ግን አይሸፈንም። በአፌ ስናገረው ለራሴም ቅጥ አጣብኝ።

«ልብሴን በሚስማር ግድግዳው ላይ መትቼው ቢሆን ኖሮ ትከፍሉኝ ነበር ማለት ነው?»

ሊቀመንበሩ ሳይቀሩ ሳቁ። እናትየዋ ግን አልሳቁም።

ቢሮ ስመለስ ውሉን የሸጠውን ባልደረባችንን ጠየቅኩት። ለነዋሪዎቹ «ሙሉ ሽፋን ነው፣ ሐሳብ አይግባችሁ» ያላቸው እሱ ነው። ስለ ዕቃቸው ነግሯቸው እንደሆነ ስጠይቀው «ማንም አላነሳውማ» አለኝ። ሪፖርቴ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ለነዋሪዎቹ የተነገራቸውና የተፈረመው አይገናኝም። አለቃዬ ሰረዙት፤ «የጉዳቱን መጠን ብቻ ጻፍ» ብለው። እንደ ሥራ ደንቡ ልክ ናቸው፤ ውሉም ልክ ነው፤ እኔም ያልኩት ልክ ነበር። ሴትዮዋ ግን አምስት ሳንቲም አላገኙም።

ያ ባልደረባችን ኋላ ለአዲስ ሠራተኞች ሥልጠና እንዲሰጥ ተመረጠ፤ ርዕሱ «የደንበኛን እምነት ማግኘት»። እኛም ነባሮቹ ተቀመጡ ተባልን። ሲጨርስ «ጥያቄ ያለው?» አለ። እጄን አውጥቼ የሚስማሩን ጉዳይ ጠየቅኩት።

«ለዕረፍት እንውጣ» አለ።